በአብሾ የተሮጠ ሩጫ

ታናሽ ወንድሜና እኔ ብቸና ውስጥ አንድ ክፍል እንማር ነበር። እኔ ዘግይቼ፣ ከባል ቤት ተመልሼ ነው የገባሁት፤ እሱ ደግሞ ከቅኔ ቤት ወጥቶ። ልጆቹ እኔን «እማማ» እያሉ ይቀልዱብኛል። በእሱ ግን ማንም አይቀልድም፤ በሩጫ የሚደርስበት አልነበረማ።

ያን ዓመት የተማሪዎቹ ሩጫ ሞጣ ላይ ሆነ። አንደኛ የወጣ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ለጠቅላይ ግዛቱ ይሮጣል፤ እዚያ ከቀናው ጦር ሠራዊት በሯጭነት ይወስደዋል ተባለ። ወንድሜ ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አጣ። ነገር ግን ሯጩም ተመልካቹም በእግራችን ተጉዘን፣ ግንደወይን አድረን ሞጣ ስንገባ ውስጥ እግሩ ተልጦ ነበር። የሞጣ ሯጮች እቤታቸው በልተው፣ ተኝተው ይጠብቁናል።

«ለነገ እግር የለኝም» አለኝ።

«እንግዲያው አትሩጥ።»

«አንቺ መጽሐፍሽን አንብቢ፣ እታለም።»

አብሾን አገሬው ሁሉ ያውቀዋል። የቅኔ ቤት ተማሪ የተማረው እንዳይጠፋው የሚጠጣው የዕፅ መድኃኒት ነው። ሥርዓት ግን አለው፤ የጠጣው ሰው ቤት ተዘግቶበት፣ ጠባቂ ተቀምጦለት፣ እስኪለቀው ድረስ አይወጣም። ወንድሜና ከቅኔ ቤት ጀምሮ ያልተለየው ጓደኛው «አእምሮን የከፈተ መድኃኒት እግርን መክፈት እንዴት ያቅተዋል?» ብለው ሌሊቱን አዘጋጅተውት ኖሯል። ይህን የሰማሁት ከሆነ በኋላ ነው።

ሩጫው በጠራራ ፀሐይ ተጀመረ። ወንድሜ ገና ከመነሻው ተፈተለከ። የሞጣ ሰዎች እየሳቁ «ኧረ ቀስ፣ ሜዳውንም ይዘኸው ልትሄድ ነው!» ይሉታል። በፊቴ ሲያልፍ ሳቁ ከእኔ ጠፋ። ሌሎቹ በላብ ተነክረዋል፤ የእሱ ፊት በርበሬ መስሏል፣ ጠብታ ላብ ግን የለበትም። ዓይኑ ብሌን ብቻ ሆኗል።

ገመዱን አንደኛ በጠሰ። አልቆመም። ሰው «ዙር ጨመረ!» እያለ ያጨበጭባል፤ እሱ ሜዳውን ለቆ በገበያው በኩል ወጣ። የወደቀው አንድ ሱቅ በር ላይ ነው። ባለሱቁ፣ ሽማግሌው ሐጂ፣ የአቡጀዲ ጨርቅ ዘርግተው ጥላ ያዙለት።

ተሸክመን ክሊኒክ አደረስነው፤ ድሬሰሩ ከሐረር ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። ልቡን አዳምጦ፣ ዓይኑን ገልጦ ካየ በኋላ «ምን ወሰደ?» አለ።

የቅኔ ቤት ልጅ ስለ አብሾ ለሌላ ሰው አይናገርም፤ የተነገረ አብሾ ይፈርሳል ይባላል። ጓደኛው መሬት መሬት እያየ «ፀሐይ ነው፣ ዶክተር» አለ።

«ፀሐይ ብሌን አያሰፋም። ካልነገርኸኝ ይሞትብሃል!»

ያን ጊዜ ወንድሜ አልጋው ላይ ሆኖ በባዶ እጁ የሌለ መጽሐፍ ይገልጥ ጀመር፤ ይገልጣል፣ ያነበንባል፣ እንደገና ይገልጣል።

«አብሾ ነው እንዴ?» ብዬ ወደ ጓደኛው ዞርሁ። አለቀሰ።

ድሬሰሩ ልብሱን አስወልቆ ውኃ በነከረው አንሶላ ጠቀለለው። «ይህ ነገር ላብ ይዘጋል» አለኝ እጁን ሳያቆም። «ላቡ የተዘጋ ሰው ሲሮጥ ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል። ልቡ ልጓም እንደሌለው ፈረስ እየጋለበ ነው። ተስፋ አልሰጥሽም፤ እስኪያልፍለት ማየት ነው።»

አለፈለት። በማግሥቱ አወቀኝ። ዳገት ሲወጣ ግን ልቡ እየደለቀ ይቀመጥ ጀመር፤ ይህ ከዚያም ወዲያ አልተወውም። ደብረ ማርቆስ የሄደው ሁለተኛ የወጣው የሞጣ ልጅ ሆነ።

በተለመነ በቅሎ ይዘነው ስንመለስ ከኮርቻው ጎንበስ ብሎ፣

«እታለም፣ ቀደምሁ?» አለኝ።

«ቀደምህ።»

«ገመዱን እኔ በጠስሁ?»

«አንተ በጠስህ።»

«አንዱንም አላውቀው። እስቲ ንገሪኝ።»

ከመነሻው ጀምሬ ነገርሁት፤ የሰዉን ሳቅ፣ ጭብጨባውን፣ የደረቀ ፊቱንም ሳልተው። ስጨርስ እንደገና አስጀመረኝ። ግንደወይን እስክንደርስ ድረስ፣ እንዳይጠፋው፣ እንደ ተማሪ ቃሌን እየተከተለ ይደግም ነበር።