ሽማግሌ ሲቆይ

ከጎንደር አራዳ ማልደን ተነሣን። ሦስት ሽማግሌዎች እናኑን ለእኔ ሊለምኑ ዳባት አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት ይወጣሉ። ባለፈው ሄደው አባትየው «አስጎብኚነት ደግሞ ሥራ ነው?» ብለው በቆሙበት ሸኝተዋቸዋል። እናኑ ጎንደር ውስጥ ነርስ ናት፤ «ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም» ብላኛለች። ዛሬም እምቢ ካሉ አለቀልኝ! ስፓኒሽ የምታስተምረኝ ፒላርም ደጋውን ልታይ አብራን አለች።

ወገራ ላይ

ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ ጉም መንገዱን ዋጠው። የገብሱ ማሳ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ሚኒባሱ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ደሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንጎላጃሉ።

«ምነው አያ፣ እንቅልፍ ዛሬ ነው?»

«ዝም በል ወዲያ! ተኝቼ ነው የማስበው።»

ዳባት

ሽማግሌዎቹ ዳገቱን ወጡ። ሙሽራ ነኝ ባይ አብሮ አይሄድምና ከፒላር ጋር መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ቀረሁ። ተጋቢኖው እየተንተከተከ መጣ፤ እኔ ግን ዳገት ዳገቱን አያለሁ።

«ኤስፔራ» አለችኝ፤ ጠብቅ ማለቷ ነው። ይኸው ቃል በእነሱ ቋንቋ ተስፋ ማድረግም ነው፤ ያረገዘች ሴትም ልጇን የምትጠብቀው በዚሁ ቃል ነው።

«የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?»

«አንዳንዴ እኛም አናውቅም» ብላ ሳቀች።

ጉሙ ተነሣ፣ ደግሞ ተመለሰ። ቀትር አለፈ።

«ቆዩ እኮ፣ አትጨነቅም?» አለች ፒላር።

«ለምን ብዬ! ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። ከቆዩ እየበሉ ነው ማለት ነው!»

ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ላይ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ሁለታችንም «እነሱ እንዳይሆኑ!» እንላለን። አንዱ አህያ ነጂ ነፍሴን ሊያወጣት ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወረዱ። አያ ደሴ ፊታቸው በጠላ ወዝቷል።

«በላችሁ!» አልኩ እየዘለልኩ።

«አሁን ነው የበላነው! ቀኑን ሙሉ ቆመን ዋልን እንጂ። ሰውየው ዝም፣ እኛም ዝም። ኋላ እናትየው የጓደኛችንን የመኮንንን ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ ‹ኧረ አንተ ሰው፣ የሰው አባት እንዲህ ይቆማል?› አለችው። እሱም ‹ልጄን ለማግባት ይህን ያህል የሚቆምለት ሰው ካለውስ ይሁን› አለ።»

ክው አልኩ። እነሱ በባዶ ሆድ ቆመው ሲጠብቁልኝ፣ እኔ ዳባት ቁጭ ብዬ በምኞቴ አበላቸው ነበር። በመልሱ መንገድ አያ ደሴ ሲያንጎላጁ ጋቢያቸውን አለበስኳቸው፤ እግራቸውንም ጭኔ ላይ ዘርግተው ጎንደር ገባን።

እናኑ አራዳ፣ ከተከራየችው ቤት በር ላይ ቆማለች። ኔትወርክ ስላልነበረ ምንም አልሰማችም። አባቴ ምን አለ አላለችኝም።

«በሉ?» አለችኝ።

«በሉ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። እሷም ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም ነበር።