የጠዋት ሁለት ሰዓት መልእክት

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ የጠዋት ደወል የሚደውል አጭር ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈች። ጠዋት ሁለት ሰዓት እንዲጮህ ብላ 2 አስገባች፤ ኮምፒውተሩ ግን ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር ሁለት ማለት ለእሱ የእኛ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ሰይድ ትዝ አለኝ።

ሰይድ ጓደኛዬ ነበር። ደሴ ውስጥ አንዲት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አብረን እየሠራን ፓይተንን በራሳችን ተማርን። ክረምት ነበር፤ ጭጋጉ በራችን ድረስ ይመጣል። የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን፣ አንዲት መስመር በአንድ ክፍተት ያለቦታዋ ወደ ውስጥ ስለገባች ብቻ ፕሮግራሙ እምቢ ሲለን ግማሽ ቀን እንፈዛለን።

እናቱ እትዬ ዘሃራ ኮምቦልቻ ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ስለሚረሱ ሰይድ በየጠዋቱ «እማየ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» የሚል መልእክት ወደ ስልካቸው የሚልክ ፕሮግራም ሠራ። ያችኑ ስህተት ሠርቶ እናቱን በውድቅት ሌሊት አስደነገጣቸው። በማግስቱ ቁልቁለቱን ወርዶ አረጋግቷቸው መጣና 2ን በ8 ቀየረ።

በዓመቱ ፕሮግራሙን ለእኔ አደራ ብሎ፣ ሥራ ፍለጋ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ አብሮት የተሳፈረ የሰፈሩ ልጅ ብቻውን ተመለሰ። ጀልባዋ ተገልብጣ ሰይድ ሲሰጥም በዓይኑ አይቷል።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ለእናቱ መርዶ ሊነግሩ ሄዱ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ቤቱ በለቅሶ ተሞልቶ ሳለ ሁለት ሰዓት ሆነና የእትዬ ዘሃራ ስልክ ነዘረ። ፕሮግራሙን ማንም አላሰበውም፣ እኔም ጭምር። ስልኩን ወደ ሽማግሌዎቹ ዘርግተው፣ «ልጄ ጠይቆኛል፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ለቀስተኛው ተበተነ፣ ሰደቃውም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ማሠልጠኛው ጥግ ያለችው ኮምፒውተር በየጠዋቱ የሰይድን ቃል ስትልክ አያለሁ። ባሕር የበላው ጓደኛዬ ከአጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ይመስለኝ ጀመር። እፈራ ነበር። ሰዓቱ ሲቃረብ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። በመጨረሻ የሰይድ አጎት መጥቶ፣ እህቱ እትዬ ዘሃራ ልጇን አልቅሳ እንዲወጣላት መልእክቱን እንዳስቆመው ለመነኝ። በፓይተን ከመስመር ፊት አንዲት # ብታስቀምጥ ማሽኑ መስመሯን እንዳላየ ያልፋታል። መሰረዝ አቃተኝና ምልክቷን አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ተገኘሁ። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው። ሁለት ሰዓት አለፈ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ነህ ያስቆምከው?»

«ማሽን እኮ ነው እትዬ፤ ሰይድ አይደለም የሚልክልዎት።»

«ማሽን መሆኑንማ ያኔ ሌሊት የቀሰቀሰኝ ጊዜ እሱ ራሱ ነግሮኛል። ወላሂ፣ አንድ ቀንም አልተሳሳትኩ። ቃሉ ግን የሱ ነበር።»

ልመልሰው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ተወው» አሉኝ፤ «ዛሬ ቀብሬዋለሁ።» ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ።

ይኸው ስንት ዘመን ሆነው። ዛሬም ወደ ክፍል ከመግባቴ በፊት እሳቸው ዘንድ ጎራ እላለሁ። ውሃ ቀድቼ አጠገባቸው አስቀምጥና ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት እናወራለን። መድኃኒትዎን ዋጡ ወይ ብዬ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ያች ጥያቄ ከእኔ አፍ እንድትወጣ እፈራለሁ። እሳቸውም ክኒኑን በመዳፋቸው ይዘው፣ ሁለት ሰዓት እስኪያልፍ ይጠብቃሉ።