ከአልጋው ሥር የሚገባው ቢላ

ባሌ ጦሊብ ቢላ ሲሰጡት አፉ ይለጎማል። ካገባሁት ዕለት ጀምሮ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተወኝም። ከአንዲጃን፣ ከኮካንድ፣ ከተራራው ማዶ ሳይቀር ሰው የአያቱን ቢላ በጨርቅ ጠቅልሎ ከተማችን ቹስት ድረስ ይመጣና «ኡስታ፣ እባክዎ ይሄን ማን ሠራው?» ይለዋል። ኡስታ የምንለው እጁ የተመሰከረለትን ባለሙያ ነው። ኡስታ ተብዬው ግን ዝም! ስለቱን በጥፍሩ መታ ያደርግና ጆሮው ላይ ያስጠጋዋል። እጀታውና ብረቱ የተጋጠሙበትን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ጠረኑን ሳይቀር ያሸተዋል። ሻዩ ይቀዘቅዛል። እኔ በመስኮት እያየሁ «ኧረ ተናገር፣ ሰውየውን ገደልከው እኮ!» እላለሁ በሆዴ። በመጨረሻ «ብረቱ የሻህሪኻን ከተማ ነው፣ እጀታው ግን እዚህ ነው የተለወጠው። ሠሪው ግራኝ ነበር» ይላል። በቃ። ተሳስቶ አያውቅም። እንግዳው እጁን ሊስመው ሲል ሸሽቶ ጓሮ ይገባል።

ይህን ያስተማረው አባቴ ነው፣ ኡስታ ሚርሐሚድ። የአባቴ ብረት መቀጥቀጫ ቤት ቦዩ ዳር፣ ቱት ከሚባለው የፍሬ ዛፍ ሥር ነበር፤ ወናፉ ሲነፋ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። አባቴ በጉብዝናው ፈረስ ጥሎት ቀኝ ትከሻው ተሰብሮ ስለ ነበር መዶሻው ሁልጊዜ አጋድሎ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ የሱ ቢላ ግራ ጎኑ ትንሽ ሞላ ይላል። የቢላን ጎን እኛ ጉንጭ ነው የምንለው። የአባቴን ጉንጭ ዓይን አያየውም፤ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚያገኘው። ተማሪዎቹን ዓይናቸውን አስጨፍኖ ቢላ ያስዳስሳቸዋል፤ የተሳሳተ ወናፍ ሲነፋ ይውላል። «ማኅተሙ ለገበያ ነው፣ ጉንጩ ለወዳጅ» ይላቸው ነበር።

ሁለት ነበሩ ተማሪዎቹ፤ ጦሊብና ቃምባር። እውነቱን ልናገር፣ ብናደድም እውነት እውነት ነው፤ ቃምባር ይበልጥ ነበር። ጦሊብ አምስቴ ዳስሶ የሚያውቀውን ቃምባር ጣቱን ገና ሲያሳርፍ ያውቀዋል። አንጀቴን የሚያሳርረውም ይሄው ነው። ደደብ ቢሆን ኖሮ አላዝንም ነበር።

የቹስት ቢላ ጉንጩ ላይ በመዳብ የተሞላ ማኅተም አለው፤ የአባቴ ግማሽ ጨረቃና ከሥሯ አንዲት ኮከብ ናት። ኡስታ ሳይሞት ከተማሪዎቹ አንዱን መርቆ ማኅተሙን ያስረክበዋል። ያልተመረቀበት ማኅተም ውኃ ውስጥ ይጣላል እንጂ ማንም አይነካውም። አባቴ አንድ ጠዋት መዶሻውን እንደ ጨበጠ መስፉ ላይ ተደፋ፤ ማንንም አልመረቀም። እናቴ ሐዘኗ ሳይወጣ ማኅተሙን ቦዩ ውስጥ ወረወረችው። ጦሊብና ቃምባር ግራና ቀኝ ቆመው እያለቀሱ አዩ። ከዚያ ሁለቱም የየራሳቸውን ማኅተም ቀረጹ፤ አገቡም፣ ወለዱም። ይባስ ብሎ ልጄ ኦይዲን የቃምባርን ልጅ አገባች። ልጁ ደግ ነው፣ ይወዳታል፤ እሱን አልወቅስም።

እንግዲህ ቃምባር ያረጀ ቀን ዓይኑን በጨው ታጠበ። በየጊዜው ከሱቁ «አሮጌ» የሚርሐሚድ ቢላ ይወጣ ጀመር። «ከገጠር አገኘሁት፣ ካንዲት ባልቴት እጅ ነው» ይላል። ጉድ በሉ! አባቴ ዕድሜ ልኩን ያልሠራውን ቢላ ሞቶ ሠራው። ቃምባር የአባቴን ማኅተም አስመስሎ ቀርጿል፤ ቢላውን በኮምጣጤ ያርሰውና በግ በረት ውስጥ ይቀብረዋል፤ ሲያወጣው ዝጎ ያረጀ ይመስላል። ከበረቱ በኩል ሳልፍ ሽታው ይመጣብኛል። የአባቴ ስም በበግ ፍግ ውስጥ!

ዘንድሮ ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገበያው በር ላይ አንድ ክፍል አሠርተው የድሮ ኡስታዎችን ቢላ ከነስማቸው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ ተነሡ። የአባቴ ብለው ያቀረቡት ከማን ሱቅ የወጣውን ይመስላችኋል? ያ ቢላ ከተሰቀለ ሌላው ሐሰተኛ ሁሉ እሱን ተደግፎ እውነተኛ ሊሆን ነው። የልጅ ልጆቼም ያንን ብልሹ ብረት እያዩ «ቅድመ አያታችን የሠራው» ሊሉ ነው።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባባ ኢስማት ቢላውን ይዘው እኛ ቤት መጡ። «ጦሊብ፣ አንተ ቃል ስጥና እንስቀለው። የኡስታ ሚርሐሚድ ነው?» አሉት።

ጦሊብ ተቀበለ። ጥፍሩን መታ አደረገ፣ ጉንጩን ዳሰሰ። ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ።

«አላወቅኩትም፣ አባባ» አለ።

«አይደለም ማለትህ ነው?»

«አላወቅኩትም ነው ያልኩት።»

«እንግዲህ አይደለም ካላልክ፣ ነው ማለት ነው» ብለው ቢላውን ጠቅልለው ወጡ። እኔ ደሜ ፈላ። በሩ እስኪዘጋም አልጠበቅኩ።

«የኦይዲን አባት! የዓለሙን ሁሉ አያት ታውቃለህ፣ የኔን አባት አታውቅም?»

«ዐውቄዋለሁ። የቃምባር ነው። በዚህ ክረምት የተሠራ።»

«ታዲያ ምን ቆርጦህ ነው ዝም ያልከው?»

«ልጃችን የማን ቤት ናት?» አለኝ ቀና ሳይል። «ቃምባርን ባደባባይ ሐሰተኛ ካልኩት፣ በማግሥቱ ልጁን ‹ሚስትህን ወደ አባቷ ሸኛት› ይለዋል። ልጁ አባቱን እምቢ አይልም። ኦይዲን አራስ ናት። ሕፃኑን እዚያ ጥላ ትምጣ?»

«አባቴ እጅህን ይዞ ነው ያስተማረህ!»

«እኮ!» ብሎ ጮኸ። ጦሊብ ሲጮህ ከተጋባን ሰምቼ አላውቅም። «ያስተማረኝን እጅ ነው የቆረጥኩት። አንቺ ብቻ የተቃጠልሽ አይምሰልሽ!»

ወጥቶ ጓሮ ሄደ። እኔ ሳህን ሳጥብ ሁለት ሰበርኩ። ጎረቤቶቼ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉኛል። ስንት ይደር? እኔ ስቀበር ነው የሚጠራው? ደግሞ ጦሊብ እውነቱን ነው፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። በአባቴና በልጄ መካከል አንዱን ምረጪ ተብዬ ቆሜያለሁ፤ ይህን ያመጣብኝ ደግሞ ከቤታችን ዳቦ ቆርሶ የበላ ሰው ነው።

የሕፃኑ የአልጋ ድግስ ደረሰ። ሕፃን መጀመሪያ በሚወዛወዘው አልጋው ሲተኛ ክፉ እንዳይቀርበው ከትራሱ ሥር ቢላ ይገባለታል። ሥርዓት አለው፤ የአባቱ አባት የቢላውን ሠሪ ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፣ የእናቱ እናት ታስገባለች። በሐሰት ስም የገባ ቢላ ሕፃኑን አይጠብቅም፤ ዞሮ እሱኑ ይወጋዋል ነው የሚባለው። እዚህ አገር ለገበያ የሚዋሽ ሞልቷል፤ በሕፃን አልጋ የሚዋሽ ግን አይቼ አላውቅም።

ሳህኔን እየወለወልኩ ይህን ሳስብ እጄ ቆመ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ አባባ ኢስማት ዘንድ ሄድኩ።

«አባባ፣ የአባቴን ቢላ ሳትሰቅሉት ለአንድ ቀን ያውሱኝ። የልጅ ልጁ ልጅ አልጋ ሥር ይግባና ይመለሳል። እርስዎም ይምጡልን።»

«ማሻአላህ! ይሄማ ወግ ነው» ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለጦሊብ ምንም አልነገርኩትም። ቢነግሩትስ? ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያለቅሳል።

በድግሱ ቀን የቃምባር ቤት ጢም ብሏል። ሴቶቹ አልጋውን ከበውታል፣ ከጓሮ የፖሎቭ ሩዝ ይሸታል። ኦይዲን ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። የልጄን ትዳር እኔው በእጄ ላፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ቃምባር አዲስ ቆቡን ደፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ባሌንና አባባ ኢስማትን አስከትሎ ገባ። ሳየው ፍርሃቴ ጠፋና ንዴቴ ተመለሰ። እሰይ አልኩ፤ በፍርሃት ከምሠራው በንዴት የምሠራው ይሻለኛል።

ጨርቁን ፈታሁና ቢላውን ሰጠሁት። «በል፣ የልጁ አያት፣ የሠሪውን ስም ጥራ።»

ቢላውን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከጀርባው የጦሊብ ፊት አመድ ሆኗል።

«ምን ሆነሃል? ጥራ እንጂ፣ ልጁ ሊያለቅስ ነው» አለችው ሚስቱ ሃጀር።

«ቢስሚላህ» አለ። «የኡስታ...»

ቆመ። ቢጠራውስ? ቢጠራው ምን አደርጋለሁ? ይህንን ለመመለስ አላሰብኩበትም ነበር። እጄን ዘርግቼ እንደ ደረቀ እንጨት ቆሜያለሁ።

«ይሄ አይሁን» አለ ቃምባር። «ሌላ አምጡ።»

«ምነው?» አሉ አባባ ኢስማት። «የኡስታ ሚርሐሚድ ቢላ አልጋ ሥር ካልገባ የማን ሊገባ ነው?»

«ሌላ አምጡ አልኩ!»

ሃጀር ብድግ አለች። ይህችን ሴት ሐሜተኛ ናት እያልኩ ስንት ዓመት አማኋት! ባሏ ፊት ቆማ «ለግድግዳው የሆነው ለልጁ የማይሆነው ለምንድን ነው?» አለችው። «ተናገር። የልጅ ልጅህ ፊት ነህ።»

ሕፃኑ ይላወሳል። ቃምባር ቢላውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«የኔ ነው» አለ ወለሉን እያየ። «ሁሉም የኔ ናቸው።»

አባባ ኢስማት ቢላውን አነሡና ጨርቁን ሳይጠቀልሉበት ኪሳቸው ከተቱት። ማንም አልተሳደበም። እኔ ስንት ቀን ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፣ ወይ ጉድ፣ አንዱም አልመጣልኝም። ቃምባር ወደ በሩ ሄዶ ጫማውን ይፈልግ ጀመር። የኦይዲን ባል ሚስቱ አጠገብ ነበር፤ አባቱን አየና ካጠገቧ ፈቀቅ አላለም።

ሕፃኑ ያለ ቢላ አይተኛም። ኦይዲን ሕፃኑን ለባሏ ሰጥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ የፖሎቩን ካሮት ስትከትፍበት የዋለችውን ቢላ ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ይዛ መጣች። ስትዳር አባቷ የሰጣት ነው። ሲሳል፣ ሲሳል ኖሮ እንደ ጣት ቀጥኗል፤ ማኅተሙ ከነመዳቡ ተፍቆ አልቋል።

«ውይ፣ ይሄማ ማኅተም የለውም» አለች ሃጀር። «የማንን ስም ነው የምንጠራለት?»

ጦሊብ አፉን ሊከፍት ሲል ቃምባር አንድ እግሩን ብቻ እንደ ተጫማ ከበሩ ተመለሰ። ማንንም ሳያይ ቢላውን ከልጄ እጅ ተቀበላት። ዓይኑን ጨፈነና አውራ ጣቱን ግራ ጉንጩ ላይ አሳረፈ። ገና ሲያሳርፈው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«የኡስታ ሚርሐሚድ» አለ ጮክ ብሎ።

ይቅር አላልኩትም። ሲያልፍ ዛሬም ፊቴን አዞርበታለሁ፤ ጦሊብ ደግሞ ተደብቆ ሰላም ይለዋል መሰለኝ፣ አንድ ቀን ስይዘው እንተያያለን። ግን ሥርዓቱ የአባቱ አባት ይጥራ ነው የሚለው፣ እሱም በእውነት ጠራው። ቢላውን ተቀበልኩትና ከትራሱ ሥር አስገባሁት።