የሰረዝኩት ፊርማ

ጌማይንደ በሚሉት የከተማ አስተዳደር፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ክሎተን አጠገብ፣ በቤቶች ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋና ጸሐፊዋ ፍራው ብሩነር የሰጡኝ ማህተም ሳይሆን የደንብ መጽሐፍ ነበር። «መጀመሪያ ይህን ያንብቡ፤ ማህተሙ ይደርሳል» አሉኝ። አዲስ አበባ የለመድኩት አለቃ ያዘዘውን መፈጸም ነበርና፣ አለቃውን ራሱን የሚያዝ ወረቀት ማየቴ ገረመኝ።

ከዓመታት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ የከተማውን የኪራይ ቤቶች መደልደል ጀመርኩ። ደስ የሚል ሥራ ነበር።

አንድ ቀን የአገሬ ልጅ የጽጌ ማመልከቻ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። ሕንፃዋ ሊፈርስ ስለሆነ ከልጇ ጋር በሦስት ወር ውስጥ መልቀቅ ነበረባት። በመመዘኛው ነጥቧ ከሁሉም አመልካቾች በለጠ። ቅጹ «አመልካቿ በሥጋ ወይም በጋብቻ ዘመድዎ ናት?» ይላል። «አይደለችም» ብዬ ቤቱ እንዲሰጣት ፈረምኩ።

በማግስቱ ደወለች። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የልጄ የክርስትና አባት እያሉልኝ ማን ሜዳ ላይ ይጥለኛል?»

ክው አልኩ። ጄኔቭ፣ ዲፕሎማት ቤት ተቀጥራ ሳለች የወለደችውን ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይህ ዝምድና በእኛ ዘንድ ከሥጋ አያንስም፤ ልጆቻችን እንኳ አይጋቡም። ቅጹ ስላልጠየቀኝ ግን መናገር እንዳለብኝ ትዝ አላለኝም።

ለፍራው ብሩነር ሄጄ ነገርኳቸው። «ሕጉ የሚለው ‹የቅርብ ሰው› ነው፤ ደም ብቻ አይልም። ምክንያቱን ጽፈው ፊርማዎን ይሰርዙ፤ ምክትልዎ ከመጀመሪያው ይየው» አሉ።

የከበደኝ ለጽጌ መንገሩ ነበር። «ባዳ ብሆን ኖሮ ቤቱን አገኝ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኝ ጀመር። አልፈረድኩባትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አኮርፍ ነበር።

ምክትሌ ማመልከቻዎቹን ሁሉ እንደገና አይቶ ቤቱን ለእሷ ሰጠ። ገብታ መጋረጃ ሳትሰቅል፣ ቤቱን ያጣ አንድ አመልካች ጠበቃ ይዞ መጣ። «ኃላፊው ለአገሩ ልጅ አዳልቷል» አለ። ጠበቃው መዝገቡን ገልጦ የሰረዝኩትን ፊርማ፣ የጻፍኩትን ምክንያትና የምክትሌን ውሳኔ አነበበ። «እዚህ የምንከራከርበት ነገር የለም» ብሎ ደንበኛውን ይዞ ወጣ።

ያኔውኑ ለጽጌ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ፊርማዎ ቢኖርበት ኖሮ ያስወጡኝ ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እሁድ ልጁን ይዤ እመጣለሁ» አለች። ደስታዬ ወሰን አጣ።

ጡረታ ስወጣ ለተተኪዬ ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ ቅጹ ባይጠይቅህም ተናገር።