የስፌት መኪናው ቀጥ ሲል

ልብስ ሰፊዋ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። አሥረኛ ክፍል የደረሰችው ልጇ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጨርቅ ክምሩ ላይ ቁጭ ብላ የዕለቱን ትምህርት ታስረዳታለች። እናት የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ታዳምጣለች። መኪናው ቀጥ ካለ ልጅት «ይሄ አልገባትም» ትልና ከሥር ከመሠረቱ ትጀምራለች።

አንድ ቀን የሂሳብ አስተማሪዋ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ።

«ልጅዎ እኮ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች! ማን ነው የሚያስጠናት?»

«እማዬ ናታ!» አለች ልጅት ቀልጠፍ ብላ። «ካልገባት መኪናውን ታቆማለች፤ እኔም እስኪገባት ደጋግሜ አስረዳታለሁ።»

እናት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሱሪውን መለካት ቀጠለች። ለካ ልጅት ይሄን ሁሉ ጊዜ የምትደጋግመው ለዚህ ኖሯል! ያ አሮጌ መኪና የሚቆመው ክር እየበጠሰ ነው። እሷማ አልጀብራ ይሁን አልባሌ ነገር ለይታ አታውቅም፤ የልጇን ድምፅ መስማት ደስ ስለሚላት ብቻ ነበር የምታዳምጠው።

በማግስቱ ልጅት ደብተሯን ገልጣ ማስረዳት ጀመረች። የዚያን ቀን ክሩ አንዴም አልተበጠሰም።

እናት ግን ሦስት ጊዜ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች።