አትሳቅ ክረምቱን እንዴት ተሻገረ

ሰፈሩ ፎቶ አንሺውን «አትሳቅ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሥራው የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ «ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ፣ አትሳቅ!» መሥሪያ ቤቶች የሳቀ ሰው ፎቶ አይቀበሉም።

በጋ ላይ ግን እሱ ራሱ ሳቅ አያጣም። ጭንቁ ክረምት ሲገባ ነው። ሰማዩ ወርዶ ጣሪያ ላይ ሲተኛ አትሳቅም አብሮ ይተኛል። እህል አያሰኘውም፤ ሰው ሲጠራው ድምፁ ከጉድጓድ ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ሳምንት፣ ቀጥሎ አንድ ወር፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ሁለት ሁለት ወር ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ከረመ። በሩ ላይ የሚለጥፈው ወረቀት «ለዕድሳት ተዘግቷል» ይላል። ሲከፈት ግን የታደሰ ነገር የለም፤ እሱንም ጨምሮ።

ቤቱ ለእሱና ለታላቅ እህቱ ከአባታቸው የቀረ ነው። እህቱ ዘንድሮ ጭጋጉ ገና ሳይወርድ መጣች።

«ስማ አንተ ልጅ» አለችው ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ፤ «ዘንድሮ አንድ ቀን ብትዘጋ ቁልፉን ለባሌ ነው የምሰጠው። ጫማ ይሸጥበታል።»

«አሞኝ እኮ ነው እቴቴ።»

«የት ጋ ነው የሚያምህ?»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥርስ ቢሆን ጉንጩን ይዞ ይዞራል፤ ሰውም ያዝንለታል። ቦታው የማይታወቅ ሕመም ግን ስሙ ስንፍና ነው።

በክረምቱ ሁለተኛ ሳምንት አንዲት ነርስ ለሥራ ፈቃዷ ፎቶ ልትነሣ መጣች። ሲያበቁ ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«እርስዎ ግን እንቅልፍ ይተኛሉ?»

«ከእንቅልፍ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

«ክረምት ክረምት ነው አይደል የሚብስብዎት? ብርሃን ሲያንስ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ። ጠዋት እንደተነሡ ደማቅ ብርሃን ፊት ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። ወጣ ብለውም ይራመዱ። ካልለቀቀዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ አይደብቁት።» ከዚያ ሁለቱን ትልልቅ የስቱዲዮ መብራቶች አየችና ሳቀች። «ደግሞ ለእርስዎ ነው ይህን የምነግረው!»

አትሳቅ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ሁሉ ብርሃን ፊት እያስቀመጠ፣ ራሱ ከካሜራው ኋላ ጨለማው ውስጥ ሲቆም መኖሩን ያኔ ነው ልብ ያለው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መብራቶቹን አበራና ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ጉብ አለ። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቀና ብሎ። ከልማድ የተነሣ አልሳቀም።

በመስኮቱ ያየው ሰፈር በሦስት ቀን ውስጥ ወሬውን ጨረሰ። ግማሹ ሊያገባ ነው አለ፤ ግማሹ አገር ጥሎ ሊሄድ ነው አለ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ግን ከምጠረጥር ልጠይቀው ብላ ገባች።

«አንተ አትሳቅ፣ በየጠዋቱ ፎቶ የምትነሣላት ሴት ማን ናት?»

«ማንም የለችም። ሲከፋኝ ጊዜ መብራቱ ይሻልሃል ብለውኝ ነው።» መዋሸት ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ጉልበት አልነበረውም።

ትስቃለች ብሎ ሲጠብቅ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም እኮ የመታወቂያ ፎቶ ያስፈልገኛል።»

«ባለፈው ወር አንሥቼሽ የለም እንዴ?»

«ወፍሬያለሁ። ተነሥና ልቀመጥ።»

ሃያ ደቂቃ ተቀመጠች። ካሜራውን ማንም አልነካውም።

በማግስቱ ጡረተኛው የሒሳብ አስተማሪ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። «የፓስፖርት ፎቶ» አሉ።

«ወዴት ሊሄዱ ነው ጋሼ?»

«የትም። ቢያስፈልግስ?»

መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበታቸው፣ በመጨረሻ ስለ ሟች ባለቤታቸው አወሩ። አትሳቅ «ቀና ይበሉ» አላላቸውም።

በክረምቱ እኩሌታ የበርጩማው ሰልፍ ከዳቦ ቤቱ ሰልፍ በለጠ። ከፍቶኝ ነው ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ለመታወቂያ ነው። አትሳቅም አንዳንድ ጠዋት ከብርድ ልብሱ ጋር ይታገላል። ግን አስተማሪው በር ላይ ዝናብ እየመታቸው እንደሆነ ስለሚያውቅ እየተራገመ ይነሣል። የረዳው መብራቱ ይሁን እርግማኑ፣ ለይቶ አላወቀም።

እህቱ ባሏን አስከትላ የመጣችው ዝናቡ ጨርሶ በጠናበት ጠዋት ነው። ባልየው የጫማ መደርደሪያው የት እንደሚቆም ሊለካ ሜትር ይዟል። በሩን ሲከፍቱ ስድስት ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ተራ ያዙ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እኛ እኮ ባለቤቶቹ ነን!»

«ባለቤትም ተራ አለው።»

ተራዋ ሲደርስ እህቱ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አትሳቅ መብራቱን አስተካክሎ በካሜራው አያት። ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል።

«እቴቴ፣ አንቺስ እንቅልፍ ትተኛለሽ?»

«ዝም ብለህ አንሣኝ» አለች። ግን ደቂቃው እያለፈ፣ ባሏ በር ላይ ሜትሩን እየዘረጋ እያጠፈ፣ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

ሰው ሁሉ ሲሄድ እሷ ጋ የነበረውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ተወችለት። «ነገም እመጣለሁ፤ የዛሬው ፎቶ አላማረኝም» አለች፤ ያልተነሣችውን ፎቶ። «ክረምቱን እንዳትዘጋ ብያለሁ!»

«በጋስ?»

«በጋ ማን ይመጣልሃል? ያኔ ዘግተህ የፈለግህበት ጥፋ።»

ባልየው «እንግዲያው በጋውን ጫማ...» ብሎ ሲጀምር ሜትሩን ከእጁ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።