ገመዱ ከተፈታ በኋላ

ወይኒቱ የልጆች ፊልም የምትመዝነው ድምፁን አጥፍታ ነው።

መጀመሪያ ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጅጋ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል አላት። በገበያ ቀን በርበሬና ጤፍ ይዘው ከገጠር የሚመጡ ወላጆች ልጆቻቸውን እዚያ ትተው ወደ ገበያው ይወርዳሉ። በሌላው ቀን የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰቡበታል። ዝቅ ዝቅ ያሉ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የውኃ ባልዲ አሉት። ፊልሞቹ ከፍኖተ ሰላም በፍላሽ ተጭነው ይመጣሉ፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በሕንድኛ፣ አንዱ ደግሞ ማንም ለይቶ በማያውቀው ቋንቋ።

ወይኒቱ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ቡሬ አቅራቢያ ከአንድ የአዊ ገበሬ ቤተሰብ ነው፤ በአማርኛና በአዊኛ አድጋለች። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ሆና ሠርታለች። እንግሊዝኛ አታውቅም። ስለዚህ ፊልሙን ለልጆቹ የምትተርከው ከሥዕሉ አንብባ ነው። ለጥንቸል ቀጭን ድምፅ፣ ለድብ ወፍራም ድምፅ አላት። እናት የሆነች እንስሳ ስትመጣ ግን በአዊኛ ትናገራለች፤ የራሷ እናት ያባበለቻት በዚያ ነውና። ልጆቹ ቃሉን አያውቁትም፤ ከድምፅዋ ግን ሁሉም ይገባቸዋል።

አሁን የመመዘኛዋን ነገር በቅደም ተከተል ላስረዳ። አዲስ ፊልም ሲመጣ ለልጆቹ ከማሳየቷ በፊት ብቻዋን ታየዋለች፤ ድምፁን ዜሮ ላይ አድርጋ። ፊልሙ ሲያልቅ ምን ሊያስተምር እንደፈለገ ካወቀች ትምህርቱ በእንስሶቹ እጅና እግር ላይ አለ ማለት ነው፤ ያልፋል። ካላወቀች ትምህርቱ ያለው በወሬ ውስጥ ብቻ ነው፤ ይወድቃል።

ሁለት ፊልሞችን አነጻጽራ አሳየችኝ። ሁለቱም ስለ ስስት ናቸው። በመጀመሪያው አንድ የድብ ግልገል ማር ደብቆ ለብቻው ይበላና ሆዱን ያመዋል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉጉት ከዛፍ ላይ ወርዶ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይናገራል። ድምፁ ሲጠፋ የሚታየው አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ወፍ ብቻ ነው። በሁለተኛው አንዲት ዝንጀሮ አንድ ማንጎ ታገኛለች። ልትበላው ስትል ከታች ትንሹ ወንድሟ ቀና ብሎ ሲያያት ታያለች። ዞር ትላለች። ደግማ ታየዋለች። ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ትልቁን ግማሽ ለራሷ ልትይዝ ትልና፣ ተክዛ፣ ትቀይረዋለች። አንድም ቃል የለም፤ አያስፈልግምም።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ ከፊልሙ ይልቅ ፊታቸውን አየሁ። ነገሩ እውነት ነው። ጉጉቱ መናገር ሲጀምር ልጆቹ ጫማቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። ዝንጀሮዋ ማንጎውን ስትቀይር ግን ከሠላሳ ልጅ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። ስንት የተማረ ሰው ተሰብስቦ የሚለፋበትን ነገር ይህች ሴት በአንድ ቁልፍ ለይታዋለች። በደብተሯ ላይ የስልሳ ሦስት ፊልሞች ስም አለ። ፈተናውን ያለፉት ሃያ ሁለት ናቸው።

የዝሆኑ ፊልም ካለፉት አንዱ ነበር። ችግሩም የመጣው ከእሱ ነው።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ አንድ ግልገል ዝሆን ከቤቱ ጀርባ በገመድ አስሮ ያስቀምጣል። እናትየው ከወንዙ ማዶ ሆና ትጣራለች። ሦስት ልጆች ይሰሟትና ተደብቀው ገብተው ገመዱን ይፈታሉ። ነጋዴው ሲያባርራቸው ጭቃ ውስጥ ይወድቃል። ግልገሉ ወንዙን ተሻግሮ እናቱ ግንባር ላይ ኩምቢውን ያሳርፋል። ልጆቹ ይዘፍናሉ፤ ያልቃል። ያለ ድምፅ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ወይኒቱ አሳየችው፤ ለእናት ዝሆኗም አዊኛዋን ሰጠቻት።

በማግስቱ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የልብስ ሰፊው የወንዳወቅ ልጅ ፍሬ፣ ሰባት ዓመቷ፣ ሦስት ጎረቤት ግቢ ገብታ አራት ጥጃ ፈታች።

ላም ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ ለሌላው ላብራራ። ጥጃ ከእናቱ ተለይቶ የሚታሰረው ወተቱን ሁሉ እንዳይጨርሰው ነው። ላሟ ከግጦሽ ስትመለስ ጥጃው ይፈታና ትንሽ ይጠባል፤ ወተቷን የምትለቀው እሱን ስታይ ነው። ከዚያ ይነጠላል፤ ትታለባለች፤ መጨረሻ ላይ ድርሻው ተትቶለት ይለቀቃል። አዲስ ቤት የገባ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር ያ ገመድ የበረከት ምልክት ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን ገመድ እስር ቤት ነበር።

ጥጃዎቹ እናቶቻቸውን መንገድ ላይ አገኟቸውና እስኪጠግቡ ጠቡ። ፍሬ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ወንዳወቅ ኋላ ምን ትጠብቂ ነበር ሲላት፣ ዘፈኑን አለች።

የመጣው ግን ጩኸት ነው። ከፍሬ ቤት ፊት ለፊት የምትኖረው የወይዘሮ ንግሥቴ እንቦሳ ገና የሦስት ሳምንት ነበርና ከልክ በላይ ጠብቶ አስቀመጠው፤ ሁለት ቀን ተኝቶ በሦስተኛው ቆመ። ባለቤቷ አያ ሃይለ ሚካኤል ጨጓራቸውን ስለሚያማቸው እራታቸው ወተት ነው። ያን ማታ ባዶ ሆዳቸውን ተኙ። ልጅቱ ስትጠየቅ እውነቱን ተናገረች፤ እትዬ ወይኒቱ ቤት አይቼ ነው አለች።

በማግስቱ ከአግዳሚዎቹ ግማሹ ባዶ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ፍሬን «ጥጃ ፈቺ» ይሏት ጀመር፤ እሷም ከአባቷ የስፌት ጠረጴዛ ሥር ገብታ ከዚያ አልወጣ አለች። ወይዘሮ ንግሥቴ ያ ክፍል ይዘጋ አለች፤ ወንዳወቅም ተስማማ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዲወስን ተቀጠረ።

ወይኒቱን ያስጨነቃት የክፍሉ መዘጋት ብቻ አልነበረም። ክፍል ቢዘጋ ሌላ ሥራ ይገኛል ትላለች። ያስጨነቃት ፍሬ ናት። ልጅቱ አዝና ነው የፈታችው፤ ያገኘችው ግን ስድብ ነው። ማዘን ወንጀል ነው ብላ ብታድግስ? ወይኒቱ የዝሆኑን ፊልም ድምፁን አጥፍታ ሰባት ጊዜ ደጋግማ አየችው። ስሕተቱን ፈለገች። አላገኘችውም።

እሑድ ክፍሉ በትልልቅ ሰዎች ሞላ። ለልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፍሬ ከአባቷ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

ወይዘሮ ንግሥቴ ቀድማ ተናገረች። «ወይኒቱ፣ እኔ ካንቺ ጠብ የለኝም። ግን ልጆቻችንን የምታሳድጊው አንቺ ነሽ ወይስ ይህ ሳጥን?»

ወይኒቱ አልተከራከረችም። «እትዬ፣ የወሰኑትን እቀበላለሁ። ብቻ አይተው ይፍረዱ» አለችና ፊልሙን ከፈተች፤ እንደ ልማዷም ተረከችው።

ከዚያ የሆነውን ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል። ለመፍረድ የመጡት ሰዎች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወንዙ ማዶ ነበሩ። እናት ዝሆኗ ስትጣራ ወይዘሮ ንግሥቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ልጆቹ ቋጠሮው አልፈታ ብሏቸው ሲታገሉ ወንዳወቅ ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብሎ፣ «እንዲያ አይፈታም፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ግፉት» ሲል ተሰማ። ገመዱ ሲወድቅ ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ።

ዘፈኑ አልቆ ወይኒቱ ስታጠፋው ሁሉም የሰባት ዓመቷ ልጅ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመው ነበር፤ አውቀውታልም።

አያ ሃይለ ሚካኤል ከዘራቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲህ እኔም ብሆን እፈታው ነበር» አሉ።

«አንቱማ» አለች ወይዘሮ ንግሥቴ፣ «ማክሰኞ ማታ ጾምዎን ያደሩት ማን ፈትቶብዎት ሆነና።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉና፣ «እሱን ልጠይቅ ነበር» አሉ። «ይህ ጭቃ ውስጥ የወደቀው ነጋዴ ያን ማታ ምን በላ? በማግስቱስ?»

ወይኒቱ ስለዚያች ቅጽበት ስትነግረኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው። ሰባት ጊዜ አይታው ያላገኘችውን ሽማግሌው በአንድ ጊዜ አገኙት፤ ያውም ከባዶ ሆዳቸው። ፊልሙ የተሳሳተው ባሳየው ነገር አልነበረም። ቀድሞ ማለቁ ነው። ገመዱ ከተፈታ በኋላ ያለው ቀን የለውም። በኋላ ደብተሯን ይዘን አብረን ፈተሽነው፤ ድምፅ ጠፍቶም ትምህርታቸው ከሚታየው ሃያ ሁለት ፊልሞች ማግስቱን የሚያሳዩት አራት ብቻ ናቸው። አራት! በሌሎቹ የተሰበረው እንስራ ይረሳል፣ የዋሸው ይታቀፋል፣ የተባረረው የት እንደሄደ አይታወቅም።

ያን ዕለት ግን ገና ያ ሁሉ አልተቆጠረም። ሽማግሌው ጠይቀው እንደጨረሱ፣ ከወንዳወቅ ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ፊልሙ ውስጥ ማታ የለም።»

ወንዳወቅ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ማታ የለም» አለች ፍሬ። «እትዬ ንግሥቴ ማታ ማታ ይፈቱታል። ጠዋትም ይፈቱታል። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ አየሁ። ነጋዴው ግን አንድ ቀንም ፈትቶት አያውቅም።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እኔ አንድ መስለውኝ ነው።»

ይህን የተናገረችው የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ፊልሙን ለመሥራት ስንት ሰው ስንት ሺህ ሥዕል ሣለ፤ በሚፈታ ገመድና በማይፈታ ገመድ መካከል ያለውን ልዩነት ግን ያየችው ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ የሰው ግቢ አሻግራ የተመለከተች ልጅ ናት። አራት ቀን የተቀጣች መስሏት ነበር፤ ለካ ስትማር ነበር። ደግሞም አለማዘን አልተማረችም። የተማረችው እያዘኑም ማየት እንደሚቻል ነው።

ወይዘሮ ንግሥቴ ነጠላዋን አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጣጠፈች። በመጨረሻ፣ «ነገ ላሞቹ ሲገቡ ነይ» አለች። «አንቺው ትፈቺዋለሽ። መመለሱም ያንቺ ነው።»

አያ ሃይለ ሚካኤል ደግሞ ክፍሉ ክፍት ይሁን አሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ማንኛውም ፊልም ሲያልቅ ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት በማግስቱ ምን እንደሆነ እነሱ ይናገሩ። ወንዳወቅ ገና ያኮረፈ መስሎ፣ እንዲያ ከሆነ እኔም መጥቼ እሰማለሁ አለ።

ሰኞ ሲመሽ ወይኒቱ ከመንገዱ ማዶ፣ ከወንዳወቅ የስፌት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ነበር። ከዚያ ሆኖ የወይዘሮ ንግሥቴ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። መንገድ ላይ አንድ አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ ጭነት ያራግፋል፤ ስለዚህ ከግቢው አንድም ቃል አይሰማም።

ላሟ ገባች። ፍሬ ቋጠሮውን ጫፉን ወደ ውስጥ ገፍታ ፈታችው። እንቦሳው ተወርውሮ እናቱ ሥር ገባ። ልጅቱ ቆማ አየችው፤ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ዘፈን ስትጠብቅ እንደነበረው። ከዚያ ወይዘሮ ንግሥቴ እጇን አነሣች፤ በቃ ማለቷ ነው።

ይህን ክፍል የትኛውም ፊልም አላሳያትም። ፍሬ የእንቦሳውን አንገት ይዛ ሳበች፤ አልመጣም። ተረከዟን መሬት ላይ ተክላ፣ ወደ ኋላ ተንጋልላ ሳበች። አፉ ወተት እንደሞላ፣ አረፋው እየተንጠባጠበ ተላቀቀ። ልጅቱ ፊቷን አዞረች፤ እጇን ግን አልለቀቀችም። ንግሥቴ ስታልብ አንገቱን በሁለት ክንዷ አቅፋ ቆየች፤ እሱም የሹራቧን እጅጌ ያኝክ ጀመር። ለረጅም ጊዜ ቆሙ። በኋላ ወይዘሮ ንግሥቴ እንደገና እጇን አነሣች፤ ፍሬም ለቀቀችው።

ከዚያ ልጅቱ ወይዘሮ ንግሥቴ ወተት ቀድታ የሰጠቻትን ኩባያ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስ ዓይኗን ሳትነቅል፣ አያ ሃይለ ሚካኤል ወደ ተቀመጡበት ደጃፍ ተራመደች።

ወይኒቱ ሁሉንም አየች። ድምፁ ጠፍቶ ነበር።